አድራሻው ያልታወቀው የክብር እንግዳ

እኛ ሰው ማክበር እንወዳለን። ይህን ስል እያሽሟጠጥኩ አይደለም፤ ቢያንስ ገና አልጀመርኩም። ሙሽራ እናከብራለን፣ ተመራቂ እናከብራለን፣ ጡረተኛ እናከብራለን፤ ሟችን ደግሞ መልስ ስለማይሰጥ ከሁሉም አብልጠን እናከብራለን። በሕይወት ያለና አፉን የማይዘጋ ሰው ሲያጋጥመን ግን ግራ ይገባናል። እንዲህ ያለውን ሰው መጀመሪያ እንመክረዋለን። ካልሰማ እናኮርፈዋለን። ኩርፊያውም ካልገባው እናዛውረዋለን። ይህን ሁሉ አልፎ አሁንም ቆሞ ካገኘነው የቀረን መላ አንድ ብቻ ነው፤ ካባ እናለብሰዋለን። ካባ ከባድ ነው። የለበሰ ሰው እጁን እንደ ልቡ አያነሳም፤ ይሞቀዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያመሰግናል፣ ይቀመጣል። ነገሩም አብሮት ይቀመጣል።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሆሳዕና ውስጥ ኮሚቴ ሲቋቋም የማልጠራበት ጊዜ ስለሌለ ነው። የከምባታው የአንጋጫ ልጅ ነኝ፤ እዚህ አማርኛ ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። ድምፄ ጎላ ያለ ስለሆነ፣ አማርኛዬም «የመጽሐፍ ነው» ስለሚባል፣ ሠርግ ሲሆን መድረክ መሪው፣ ለቅሶ ሲሆን የሕይወት ታሪክ አንባቢው እኔ ነኝ። የሟቹን ደግነት ሳነብ የገዛ ቤተሰቡ «የማንን ነው የሚያነበው?» ብሎ የተያየበት ቀን አለ። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ግን ደክሞኛል። ማይክራፎን ሳይ ጉልበቴን ያመኛል።

እናም አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ሐጂ ሸምሱ ደወሉልኝ። ሐጂ በከተማችን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ዛሬም እሳቸው ይዘውታል። የኮሚቴ ሁሉ ሊቀመንበርም ናቸው።

«መምህር፣ ኮሚቴ ሆነሃል» አሉኝ።

«የምን ኮሚቴ?»

«የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾችን የምናከብርበት።»

በኛ ከተማ ኮሚቴ እንደ ጉንፋን ነው፤ ይይዝሃል እንጂ አትመርጠውም። ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ። ማንን እናክብር የሚለው ጥያቄ ሲነሳ፣ ሳንጨቃጨቅ፣ ያለ ወትሯችን ሁላችንም አንድ ስም ጠራን። ሲስተር አማረች። እሺ ይሁን፣ ይጻፍ፣ ተባለ። እንዲህ በቀላሉ መስማማታችን ያን ጊዜ ሊያስደነግጠኝ በተገባ ነበር።

ሲስተር አማረችን ለማታውቁ ላስተዋውቃችሁ። ነርስ ናት፤ የዚህ ከተማ ልጅ ግማሹ እሷ እጅ ላይ ነው የተወለደው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታምራት የሚባል ወጣት እዚህ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እናቱ ወይዘሮ በየነች በጃጁራ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ። ታምራት አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ በተራ ጉዳይ ተጨቃጨቀ፤ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት፤ ከዚያ በሸክም ወደ ጤና ጣቢያ አመጡት። ያመጡት ሰዎች «ከአጥር ሲዘል ወድቆ ነው» አሉ። ተረኛዋ ሲስተር አማረች ነበረች። ገላውን አየች፣ የእጆቹን አንጓ አየች፤ ከአጥር የወደቀ ሰው አንጓው ላይ የገመድ ሰንበር እንደማይኖረው ታውቃለች። ያየችውን ጻፈች። ታምራት እዚያው አልጋ ላይ አረፈ።

«አስተካክለሽ ጻፊው» ተባለች። «አስተካክዬ ነው የጻፍኩት» አለች። ልብ በሉ፣ ያደረገችው ይህንኑ ብቻ ነው። ሰልፍ አልወጣችም፣ ድንጋይ አልወረወረችም፣ የሰማይ ስባሪ የሚያህል ቃል አልተናገረችም። ያየችውን አየሁ አለች፤ በቃ። በኛ አገር ለዚህ ተብሎ ካባ መሰፋቱ በራሱ ሊያሳፍረን ይገባል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዝውውሮች ተደረጉ። እሷ ወደ ፎንቆ አቅጣጫ፣ መኪና በበጋ እንኳ እያመነታ ወደሚገባበት ገጠር ተዛወረች። ታምራት ሲሞት የጣቢያው አዛዥ የነበረው ሰውም ተዛወረ፤ እሱ ግን የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ከተማው እንደሚለው አዛዡ እያልን እንሂድ። በሹመቱም በዕድሜውም አንቱ ልለው በተገባኝ ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ እንጂ።

ዘግይቶም ቢሆን ዐቃቤ ሕግ አዛዡን ከሰሰው። ፍርድ ቤት ቀጠረ። ስሙ ሲጠራ ግን «አቤት» የሚል የለም። ፖሊስ ይቆምና «ተከሳሹን ብንፈልግ አድራሻውን ልናገኝ ስላልቻልን ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጠን» ይላል፤ ይሰጠዋል። ወይዘሮ በየነች ከጃጁራ በሚኒባስ፣ ሲስተር አማረች ከተዛወረችበት ገጠር በሞተር ሳይክል ይመጣሉ። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ስሙ ሲጠራ ይሰማሉ፣ ዝምታውን ይሰማሉ፣ ይመለሳሉ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አልቆጥርላችሁም፤ እነሱም መቁጠሩን ትተዋል። ያ አድራሻው የጠፋ ሰው በዚያው ሰሞን በየጠዋቱ በመኪና ወደ ቢሮው ይገባል፣ ዘበኛ ተነስቶ በር ይከፍትለታል፣ ማታ ይወጣል። አገር ያየዋል። አገር ግን ምስክር አይደለም፤ አገር ዝም አይነቅዝም ይላል።

ዳኛውም እንደኔ ሳይደክማቸው አልቀረም፤ በመጨረሻው ቀጠሮ፣ ተከሳሹ በሚመጣው ማክሰኞ ካልቀረበ መዝገቡ «ሲገኝ ይንቀሳቀሳል» ተብሎ እንደሚዘጋ ተናገሩ። የችሎት አማርኛ ለማይገባችሁ ልተርጉመው። ሲገኝ ይንቀሳቀሳል ማለት፣ የሚፈልገው ስለሌለ አይገኝም፣ ስላልተገኘም አይንቀሳቀስም ማለት ነው። ወይዘሮ በየነች የልጃቸውን ነገር የሚሰማላቸው ጆሮ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ የላቸውም። የአገሬ ሰው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ያለው በበቅሎና በጭብጦ ነው፤ እሳቸው ግን ያለ ፍርድ የሄደባቸው ልጅ ነው።

የኛ በዓል የተቆረጠው ከዚያ ማክሰኞ በፊት ባለው ቅዳሜ ሆነ። ቀኑን አስቦ የመረጠው ሰው የለም። ኮሚቴ መሆናችንን አትርሱ፤ አዳራሹ የተገኘው ቅዳሜ ስለሆነ ነው።

ለሲስተር አማረች ዜናውን የነገርኳት እኔ ነኝ። ገበያ ላይ አገኘኋትና ስለ ሰብዓዊ ክብር፣ ስለ ፍትሕና ስለ ተጠያቂነት ረዘም አድርጌ አወራሁላት። ለቀባሪው አረዱት ማለት እንዲህ ነው። እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣

«መምህር፣ ካባ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። «በሞተር ነው የምሄደው፤ ጎማ ውስጥ ይገባብኛል።»

ለመንኳት። በመጨረሻ በአንድ ነገር እሺ አለች፤ ወይዘሮ በየነች ከተጠሩና ከፊት ረድፍ ከጎኗ ከተቀመጡ ትመጣለች። ይሄማ ምን ችግር አለው አልኩ። እውነትም ችግር አልታየኝም ነበር።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ፤ ነገራችን ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሆሳዕና ውስጥ የጥሪ ካርድ በስልክ መላክ ንቀት ነው። ካርድ በእጅ ይሰጣል፤ ሰጪው ጎንበስ ይላል፣ ተቀባዩ «ለምን ተቸገራችሁ» ይላል፣ ያኔ ተጠራ ይባላል። ሌላም ሕግ አለን። ወንበር ያለው ሰው ሁሉ፣ ወንበሩ የምንም ይሁን የምን፣ ካርድ ሊደርሰው ይገባል። ያልደረሰው ይቀየማል፤ የተቀየመ ባለወንበር ደግሞ ነገ ለአዳራሹ፣ ለመብራቱ፣ ለፈቃዱ ስትሄድ ያስታውስሃል። ስለዚህ ሐጂ ሸምሱ «የሚቀየም እንዳይኖር» ብለው ለሁሉም ጻፉ። ከካርዶቹ በአንዱ ላይ የአዛዡ ስም ነበር። እኔም አይቼዋለሁ፣ ሐጂም አይተውታል፣ ኮሚቴው በሙሉ አይቶታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«አይመጣም» አሉ ሐጂ። «እኛ ግን አግልለነዋል እንዳይባል።»

ካርዱን ይዤ ወጣሁ። ባጃጅ ያዝኩና የአዛዡን ቢሮ ስጠራለት ነጂው የት ነው እንኳ አላለኝም። ዘበኛው ፎቁን ነገረኝ። ጸሐፊዋ ሻይ አዘዘችልኝ፤ ሻዩ ሳይመጣ «ግባ» ተባልኩ። አዛዡ ከወንበሩ ተነስቶ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ለምን ተቸገራችሁም አለ። ከላይ እስከ ታች አነበበውና «ሰብዓዊ መብትማ የሁላችንም ነው» ብሎ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። ስወጣ ሻዩ ደርሶ ነበር። ጠጣሁት።

ቅዳሜ ደረሰ። ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ቀዩ ጭቃ ከእንግዶቹ ጫማ ጋር እስከ አዳራሹ መሃል ገባ። ከአዳራሹ ጀርባ ሴቶች አተካና እየሠሩ ነበር፤ ቡላው በቅቤ ሲገላበጥ ሽታው በመስኮት ይመጣል። የዕለቱ ዋና እንግዳ እንደተለመደው አስቸኳይ ስብሰባ ገጠማቸውና ቀሩ። የክብር ወንበር ባዶ ስለማይሆን፣ ከመጡት ውስጥ በሹመት ከፍ ያለው ማነው ተብሎ ተጠየቀ። ማን እንደነበረ ገምታችኋል። አይመጣም የተባለው መጥቶ፣ ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ መድረኩ ላይ በትልቁ ወንበር ተቀመጠ። ለዋናው እንግዳ የተዘጋጀውን ንግግርም እሱ አነበበው። ተጠያቂነት ከሌለ ፍትሕ እንደሌለ፣ ማንም ከሕግ በላይ እንዳልሆነ፣ የተበደለ እንባ መሬት ላይ እንደማይቀር አነበበ። ንግግሩ ጥሩ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሲስተር አማረች ከፊት ረድፍ ተቀምጣ አየችው። ተነስታ ትወጣለች ብዬ ነበር። አልወጣችም፤ ፊቷም አልተለወጠም፤ ነርስ ናት፣ ብዙ ነገር እያየች ፊቷን ሳትለውጥ ኖራለች። ዓይኗ ግን ከጎኗ ካለው ባዶ ወንበር ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ባዶው ወንበር ይመላለሳል። የወይዘሮ በየነች ሚኒባስ በጭቃው ዘግይቶ ነበር።

ንግግሩ ሊያልቅ ሲል ደረሱ። ነጠላቸው በዝናብ ርሶ፣ በላስቲክ የጠቀለሉትን ጫማ በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ታዩ። አንድ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሊያነሱ ሲሉ መድረኩን አዩ። እግራቸውን መለሱት። አስተናጋጆቹ «ይግቡ፣ ይግቡ» አሏቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። በሩ ላይ፣ ጣሪያው በማይደርስበት በኩል፣ ዝናቡ ሥር ቆሙ።

ሐጂ ሰዓታቸውን አይተው በዓይናቸው «ቶሎ በል» አሉኝ። የሚቀጥለው ምርቃት ነው። በሥርዓታችን ካባው ከመለበሱ፣ እህሉም ከመቀመሱ በፊት ሽማግሌ ይመርቃል። ጋሽ ሄራሞን ጠራሁ። ጋሽ ሄራሞ በሀዲያ ሽማግሌዎች ዘንድ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው፤ የስንቱን ደም አስታርቀዋል። በትራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ፣ እጃቸውንም ዘረጉ። ሕዝቡ «አሜን» ለማለት አፉን አዘጋጀ። ያኔ በሩ ላይ የቆመችውን ሴት አዩ።

በሀዲይኛ «ለምን አትገቢም?» አሏቸው። ወይዘሮ በየነች አጠር አድርገው መለሱ። ከምባትኛ ተናጋሪ ብሆንም ይህን ያህሉ አይጠፋኝም፤ «የልጄ ደም ተቀምጧል» ነው ያሉት።

ጋሽ ሄራሞ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ወደኛ ዞረው በዚያች በምታጥር አማርኛቸው፣

«እኔ አልመርቅም» አሉ። «እዚህ ቤት ደም አለ። ደም ካለ እህል አይበላም።» ከዚያም ተቀመጡ።

ከሌላ አገር የመጣ አንባቢ ካለ እንዲገባው፣ በሀዲያም በከምባታም የአባቶች ሥርዓት ይህ ቀልድ አይደለም። ነፍስ ከጠፋ፣ ያጠፋው በሽማግሌ ፊት ቆሞ «አዎ፣ በእጄ ነው» እስኪልና እርቁ እስኪፈጸም ድረስ፣ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ጣሪያ ሥር እህል አይቀምሱም። አባቶቻችን ተጠያቂነት የሚለውን ቃል አያውቁትም ነበር። ነገሩን ያውቁት ነበር።

ሐጂ ሸምሱ ላብ አጠመቃቸው። ጆሮዬ ሥር መጥተው «ሌላ ሽማግሌ ፈልግ» አሉኝ። ቀጥሎ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው፤ «ሄራሞ የዘጋውን እኔ አልከፍትም» አሉ። የካቶሊክ ቁምስናችንን የሚያገለግሉትን አባን አየኋቸው፤ እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔ እህሉን ልባርክ እችላለሁ፤ ማን ይበላዋል?» አሉኝ። አዛዡ ማይክራፎኑን ወደ ራሱ ስቦ፣ «ፕሮግራሙ ይቀጥል። ይሄ የግል ጉዳይ ነው፤ ደግሞም በሕግ የተያዘ ነው» አለ።

እንግዲህ ሕዝባችንን እወቁት። ታምራት ሲሞት ዝም ብሏል። ሲስተር አማረች ስትዛወር ዝም ብሏል። አድራሻው ጠፋ ሲባል፣ ሰውየው ጎረቤቱ እንኳ ሆኖ፣ ዝም ብሏል። አሁን ግን ሰዓቱ ከምሳ አልፏል፣ ሽታው በመስኮት ይገባል፣ አተካና ደግሞ ሲቀዘቅዝ ቅቤው ይረጋል። ከኋላ አንድ ድምፅ «ሰውየው ለምን አይወጣም?» አለ። ሌላው «ፍርድ ቤት ይሂድ እንጂ!» አለ። «የሰው ልጅ ገድሎ ምርቃት ይፈልጋል እንዴ?» አለች አንዲት ሴት፣ ዓመታት ሙሉ ውስጧ የነበረውን። ወንበር ተንኳኳ፣ ሰው ቆመ። ለፍትሕ ያልተነሳው ሕዝብ ለምሳ ተነሳ። አልፈርድበትም፤ እኔንም ርቦኝ ነበር።

ያን ጊዜ ሲስተር አማረች ወደ መድረኩ ወጥታ ማይክራፎኑን ከአዛዡ ፊት በትሕትና አነሳችው። ወደ እሱ ግን አላየችም። ያየችው በሩ አጠገብ ለጥበቃ የቆመውን ሳጅን ደሳለኝን ነው። በየቀጠሮው ችሎት ፊት ቆሞ «አድራሻውን ልናገኝ አልቻልንም» የሚለው እሱ ነው።

«ሳጅን ደሳለኝ» አለች። «ልጅህን ያዋለድኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አትቀየመኝም። ይሄ ኮሚቴ ብዙ ጥፋት አለበት፤ ሰው ፍለጋ ግን ካንተ ይሻላል። ዳኛው አግኝተህ አምጣው ያሉህ ሰው ይኸውልህ፤ መድረክ ላይ ተቀምጧል። እኔ ካባ አልጠየቅኩም። እትዬ በየነች ማክሰኞ ስሙ ሲጠራ አቤት የሚል ሰው እንዲሰሙ ነው የምፈልገው።»

«ሲስተር፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለ ሳጅን። ቆቡን አስተካከለ።

«ቅዳሜ ሰው አይገኝም እንዴ?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ሳጅን ዞረ። ያ ሁሉ የተራበ ዓይን! ደሃው ሳጅን በሁለት ፍርሃት መሃል ገባ፤ አንደኛው ፍርሃት ሙሉ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ተቀምጧል፣ ሌላኛው ምሳውን ይጠብቃል። ብዙኃኑን መረጠ። ቀስ እያለ ወደ መድረኩ መጣ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። አዛዡ ስልኩን አወጣ፤ ደወለ፤ የሚያነሳለት ጠፋ። አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ይሆናሉ።

የአዳራሹ በር አንድ ነው። አዛዡ ሊወጣ በወይዘሮ በየነች ፊት ማለፍ ነበረበት። እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብስበው ገለል አሉለት። ለክብሩ አይደለም፤ ልብሱ እንዳይነካቸው ነው። ሳጅን ከኋላው ተከትሎ እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆም አለ።

«መምህር» አለኝ በሹክሹክታ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት፣ «እንዴት አገኛችሁት?»

«በባጃጅ» አልኩት።

ወይዘሮ በየነች ገቡ። እግራቸውን በር ላይ ጠርገው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሄራሞ ተነስተው መረቁ፤ አሜኑ ጣሪያውን አናወጠው። አተካናው ትንሽ ረግቶ ነበር፤ ማንም አላማረረም። ሰው እየበላ ስለ ፍትሕ አወራ፤ አንዳንዱ ድሮም ሲታገል የኖረ መሰለ። ሐጂ ካባውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሲስተር አማረች ሲመጡ ግን እጇን አነሳች።

«ሐጂ፣ ፍርድ ሲሰጥ እለብሰዋለሁ» አለች። «አሁን ከለበስኩት ነገሩ ያለቀ ይመስላል።»

እኔ ስለ ካባ መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁን ሁሉ የተማርኩት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ነገሩ ግን ቅዳሜ አላለቀም፤ ባለቀ ኖሮ ተረት ነበር የማወራችሁ። አዛዡ ማክሰኞ ሊቀርብ ዋስ ጠርቶ የዚያኑ ዕለት ማታ ከጣቢያ ወጣ። ዋስ የሆነው ከኮሚቴያችን አንዱ ነው። ለምን ብለን ብንጠይቀው «እንዳይቀየም» አለን። እሑድና ሰኞ ከተማው በሙሉ «ጠፋ»፣ «ኮበለለ»፣ «ታመመ» እያለ አወራ። እኔንም እንቅልፍ አልወስደኝ አለ፤ ካርዱን የሰጠሁት በእነዚህ እጆች ነዋ።

ማክሰኞ ችሎት ገባሁ፤ ባልጠራም ሄድኩ። ሁለቱ ሴቶች እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። መዝገቡ ተነሳ፣ ስም ተጠራ። ዝም። ወይዘሮ በየነች እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፉ። ሲስተር አማረች እጃቸውን ያዘች። ከዚያ ከኋላ፣ በር አካባቢ፣ ወንበር ተንቀሳቀሰና አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«አቤት።»

መድረክ ላይ የሰማሁት ያ ወፍራም ድምፅ አልነበረም። ወደ ፊት ና ተባለ፤ መጣ፤ እዚያ እንደ ማንም ሰው ቆመ። ጠበቃው «መዝገቡን አልተመለከትኩም፣ ጊዜ ይሰጠኝ» አለ። ተሰጠው። ተቀጠረ። ሁሉም ነገር ከጥቂት ደቂቃ አልበለጠም፤ እኔ ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ በቃ ይኸው ነው እንዴ እያልኩ። ለዚች ነው እናት ዝናብ ላይ የቆመችው? ደከመኝ፤ እውነቴን ነው፣ አልቅስ አልቅስ አለኝ።

ወይዘሮ በየነች ሲወጡ አዩኝ። ምን ልበላቸው ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«መምህር፣ እስከ ዛሬ ስሙ ሲጠራ አንገት የምደፋ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ዛሬ እሱ ደፋ። አየሁ።» ከዚያ የጃጁራ ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው እየተጣደፉ ሄዱ፤ ገበያ ነበር፣ ቅቤው ይጠብቃቸዋል።

ይህ ከሆነ ከራርሟል። ቀጠሮው ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ጠበቃው ይታመማል፣ አንድ ጊዜ መብራት ይጠፋል፣ አንድ ጊዜ ዳኛው ይዛወራሉ። ሲስተር አማረች አሁንም በሞተር ትመጣለች፤ የመሰከረችውንም መሰከረች፤ ፍርዱ ግን ገና ነው። ካባው እኔ ቤት ነው። ሐጂ «ሱቄ ውስጥ ሰው ሊገዛው ይጠይቀኛል» ብለው ለኔ ሰጡኝ፤ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከሙሉ ልብሴ ጋር ተሰቅሏል። ሚስቴ ብል እንዳይበላው ትሰጋለች፤ ስለዚህ ከችሎት በመጣሁ ቁጥር አውጥቼ አጥሩ ላይ ፀሐይ አስመታዋለሁ። ጎረቤቶቼም ነገሩን ለምደውታል፤ ካባው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲያዩ ከችሎት መምጣቴን ያውቃሉ።

«ተፈረደ?» ይሉኛል በአጥሩ ላይ።

«ተቀጠረ» እላለሁ።

«መጣ?»

«መጣ።»

«አቤት አለ?»

«አለ» እላለሁ፤ ከካባው ላይ አቧራውን እያራገፍኩ። እስካሁን ከፍርዱ የደረሰን ይቺ ናት።